ለቦይለሩ ሚሊዮን፣ ለውሃው ስሙኒ

ባለፋብሪካ ቦይለር ሊገዛ ሲነሳ የማይጠይቀው ነገር የለም፡፡ በሰዓት ስንት ቶን እንፋሎት ይሰጣል? የጀርመን ነው፣ የቱርክ ነው ወይስ የቻይና? በርነሩ ናፍጣ ብቻ ነው ወይስ ፉርነስም ያቃጥላል? መለዋወጫው የት ይገኛል? ዋጋውስ ምን ያህል ይወርዳል? ፕሮፎርማ በፕሮፎርማ ላይ ይደረደራል፤ የውጭ ምንዛሪ ወረፋ ይያዛል፤ ዕቃው ጂቡቲ ደረሰ ሲባል ደግሞ ክሬንና ሎቤድ ይፈለጋል፡፡ ሻጩ ከዕቃው ጋር ወፈር ያለ መጽሐፍ ያስረክባል፡፡ በዚያ መጽሐፍ ውስጥ ወደ ቦይለሩ የሚገባው ውሃ ምን ዓይነት መሆን እንዳለበት የሚናገር አንድ ሠንጠረዥ አለ፡፡ መጽሐፉ ሳይገለጥ መሳቢያ ውስጥ ይገባል፡፡ የሻጩ ዋስትና የታሰረው ግን ብዙውን ጊዜ በዚያው ሠንጠረዥ ነው፡፡

ከዚያ በኋላ ቦይለሩ ከቧንቧ የመጣውን ይጠጣል፡፡ ቧንቧው ሲጠፋ ከጉድጓድ፣ ጉድጓዱ ሲደርቅ ከቦቴ፡፡ ውሃ ውሃ ነው ተብሎ ታልፏል፡፡ በአገራችን የኢንዱስትሪ ገበያ ላይ ከሚታዩት ውድ ስህተቶች አንዱ ይህ ነው፤ ውድነቱ ደግሞ በአንድ ቀን ስለማይታይ ተጠያቂ የለውም፡፡ ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይባል የለ፡፡

ነገሩን ለመረዳት ኬሚስት መሆን አያስፈልግም፡፡ ድሬዳዋ የኖረ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፡፡ የማንቆርቆሪያው ውስጥ በጥቂት ወር ነጭ ቅርፊት ይጋገርበታል፤ ሳሙና ቶሎ አረፋ አይሰጥም፤ የቤት ውሃ ማሞቂያው ሬዚስታንስ ሳይቆይ ይቃጠላል፡፡ ምክንያቱ ከተማዋ የምትጠጣው የከርሰ ምድር ውሃ በኖራ ድንጋይ ውስጥ አልፎ የሚመጣ መሆኑ ነው፡፡ መቀሌም እንዲሁ በኖራ ድንጋይ አገር ላይ ተቀምጣለች፡፡ ውሃው ሲያልፍ ካልሲየምና ማግኒዥየም ያሟሟል፡፡ ቀዝቃዛ ሆኖ ሳለ ጥርት ብሎ ይታያል፤ ሲሞቅ ግን የሟሟው ባይካርቦኔት ይፈርስና ግማሹ ጋዝ ሆኖ ሲወጣ ግማሹ ድንጋይ ሆኖ ይቀራል፡፡ ማንቆርቆሪያ ውስጥ የሚጋገረው ያ ድንጋይ ነው፡፡

ቦይለር ማለት እንግዲህ ቀንና ሌሊት የተጣደ ማንቆርቆሪያ ነው፡፡ ልዩነቱ እንፋሎቱ ንጹህ ሆኖ ሲወጣ የውሃው ጨውና ኖራ በሙሉ ወደ ኋላ መቅረቱ ላይ ነው፡፡ በቀን 20 ቶን ውሃ የሚጠጣ ቦይለር፣ ውሃው በሊትር 200 ሚሊግራም የሟሟ ነገር ካለው፣ በየቀኑ 4 ኪሎ ግራም ባዕድ ነገር ሆዱ ውስጥ ይጨምራል፡፡ በ300 የሥራ ቀን 1,200 ኪሎ፣ ማለትም 12 ኩንታል ነው፡፡ ይህ ሁሉ ወይ በማፍሰሻው ይወጣል ወይ ቱቦው ላይ ይለጠፋል፤ ሦስተኛ መንገድ የለውም፡፡

ቱቦው ላይ የተለጠፈው ቅርፊት እንደ ብርድ ልብስ ነው፡፡ በአንድ በኩል እሳቱ አለ፣ በሌላው በኩል ውሃው አለ፤ መካከል ላይ ሙቀት የማያሳልፍ ነገር ተኝቷል፡፡ የአሜሪካ ኢነርጂ መሥሪያ ቤት ለፋብሪካዎች ባሰራጨው መመሪያ መሠረት አንድ ሚሊ ሜትር እንኳ የማይሞላ፣ 0.8 ሚሊ ሜትር ያህል ውፍረት ያለው ተራ ቅርፊት ከነዳጁ 2 በመቶ ያባክናል፡፡ ቅርፊቱ ብረትና ሲሊካ የተደባለቀበት ከሆነ ብክነቱ በዚያው ውፍረት 7 በመቶ ይደርሳል፡፡ በቀን 1,000 ሊትር ነዳጅ የሚያቃጥል ፋብሪካ በ300 ቀን 6,000 ሊትር፣ በከፋው ሁኔታ ደግሞ 21,000 ሊትር በጭስ ማውጫው ይሸኛል ማለት ነው፡፡ ባለቤቱ በሊትር የሚከፍለውን ዋጋ ያውቀዋልና ብዜቱን ለእርሱ መተው ይሻላል፡፡

ነዳጁ የጉዳቱ ቀላሉ ክፍል ነው፡፡ በ8 ባር ግፊት የሚሠራ ቦይለር ውስጥ ያለው ውሃ ወደ 175 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሞቀ ነው፡፡ ብረቱ ከውሃው ጋር እስከተነካካ ድረስ ከዚያ ብዙም አይርቅም፤ እሳቱ ምንም ያህል ቢያይል ውሃው እያቀዘቀዘ ይጠብቀዋል፡፡ ቅርፊት በመካከል ሲገባ ግን ጠባቂው ይርቃል፡፡ የብረቱ ሙቀት ይወጣል፣ ተራው የቦይለር ብረት ከ450 ዲግሪ ሲያልፍ ጉልበቱ እየከዳው ይሄዳል፣ ቱቦው ይነፋል፣ ይጎብጣል፣ በመጨረሻም ይቀደዳል፡፡ የሚቀደደው ደግሞ በአመዛኙ ትእዛዝ በተጣበበበት፣ ማሽኑ ሁሉ በሙሉ አቅሙ በሚሠራበት ሰሞን ነው፤ ያኔ ነው እሳቱ የሚበረታው፡፡

አዲስ አበባ ያለ ባለፋብሪካ ይህ የድሬዳዋ ጣጣ ነው ብሎ ሊያልፈው ይችል ይሆናል፡፡ ግን የአዲስ አበባ ነገር እንዲያውም የተወሳሰበ ነው፡፡ ከተማዋ አንድ ዓይነት ውሃ የላትም፡፡ ከገፈርሳ፣ ከለገዳዲና ከድሬ ግድቦች የሚመጣው የገጸ ምድር ውሃ አለ፤ ይህ ቀለል ያለ፣ ኖራው ያነሰ ነው፡፡ ከአቃቂ የሚመጣው የጉድጓድ ውሃ ደግሞ አለ፤ ባይካርቦኔቱም የሟሟ ማዕድኑም ይበዛል፡፡ በፈረቃ ዛሬ ከአንዱ፣ ነገ ከሌላው የሚደርሰው ፋብሪካ አለ፡፡ ፈረቃው ሲዛባ ቦቴ ይጠራል፡፡ ቦቴው ከየት እንደቀዳ የሚጠይቅ ማን አለ? የሚጠየቀው ዋጋው ብቻ ነው፡፡ እንግዲህ ባለፈው ሐምሌ በተለካ የውሃ ናሙና መሠረት የታዘዘ የኬሚካል መጠን በጥር ለሌላ ውሃ ይሰጣል ማለት ነው፡፡ የአንዱን በሽተኛ መድኃኒት ለጎረቤቱ እንደ ማጠጣት ነው፡፡

ወደ ስምጥ ሸለቆ ሲወረድ ደግሞ ሌላ ጠባይ ይመጣል፡፡ በዚያ ያለው የጉድጓድ ውሃ በብዙ ቦታ ካልሲየሙ ያነሰ፣ ሶዲየም ባይካርቦኔቱና ፍሎራይዱ የበዛ ነው፤ ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የሚመጣው ሲሊካም አለበት፡፡ ሳሙና በደንብ ስለሚያረፋበት ጥሩ ውሃ ይመስላል፡፡ ግን ሲሊካ እንደ ብርጭቆ የሚጠነክር ቅርፊት ይሠራል፤ በመዶሻም በተራ አሲድም እሺ አይልም፡፡

ሶፍትነር ያስገቡ ፋብሪካዎች እፎይ ብለው ተቀምጠዋል፡፡ ሶፍትነር በእርግጥ ጥሩ ዕቃ ነው፤ ሬዚኑ ካልሲየሙንና ማግኒዥየሙን ይይዝና በምትኩ ሶዲየም ይለቃል፡፡ ሶዲየም ቱቦ ላይ አይጋገርም፡፡ ሆኖም ሬዚኑ የያዘውን ይዞ ሲሞላ በጨው ውሃ መታጠብ አለበት፡፡ ጨው ደግሞ ግዥ ይጠይቃል፡፡ የሌሊት ሽፍት ኦፕሬተር «ጋሼ፣ ጨው አልቋል» ሲል «እስከ ሰኞ ይብቃቃ» የሚባልበት ፋብሪካ ጥቂት አይደለም፡፡ ከዚያ ሰኞ ድረስ ሶፍትነሩ ባዶ የብረት ጋን ነው፤ ውሃው እንደገባ ይወጣል፡፡ አንዳንዱ ጋ ደግሞ ባይፓሱ ቫልቭ ተከፍቶ ተረስቶ ዓመት ይሞላዋል፡፡ የአፍዴራን ጨው ሳይታጠብ እንደመጣ የሚያጎርሱም አሉ፤ ያልተጣራ ጨው ከራሱ ጋር ካልሲየምና ማግኒዥየም ይዞ ስለሚመጣ፣ በማጠቢያው ማቆሸሽ ይሆናል፡፡ ለሶፍትነር አዮዲን ያለው የገበታ ጨው አያስፈልገውም፤ የታጠበና የጠራ መሆኑ ግን ግድ ነው፡፡ የጨው ነጋዴዎች ይህን ገበያ ገና በቅጡ አልደረሱበትም፡፡

እዚህ ላይ ብዙዎች የሚሳሳቱበት ነገር አለ፡፡ ሶፍትነር ኖራውን እንጂ ባይካርቦኔቱን አይነካም፡፡ ባይካርቦኔቱ ቦይለሩ ውስጥ በሙቀት ይፈርስና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሆኖ ከእንፋሎቱ ጋር ይጓዛል፡፡ እንፋሎቱ ሥራውን ጨርሶ ወደ ውሃነት ሲመለስ ጋዙ ይሟሟበታል፤ ለስላሳ መጠጥ ውስጥ ያለው ዓይነት ደካማ አሲድ ይሆናል፡፡ ያ ውሃ በመመለሻው ቧንቧ ወለል ላይ ሲፈስ ብረቱን እንደ ቦይ እየቦረቦረ ይሄዳል፡፡ በየዓመቱ የኮንደንሴት ቧንቧ የሚቀይሩ፣ ቧንቧውን የሸጠላቸውን ነጋዴ የሚያማርሩ ፋብሪካዎች ጥፋቱን የሚፈልጉት ከተሳሳተ ቦታ ነው፡፡ የአቃቂና የስምጥ ሸለቆው ውሃ ለዚህ በሽታ ይመቻል፡፡ መድኃኒቱ ባይካርቦኔቱን አስቀድሞ መቀነስ ወይም አሲዱን የሚገድል ኬሚካል ከእንፋሎቱ ጋር መላክ ነው፤ ሁለተኛው መንገድ ግን እንፋሎቱ ምግብ የሚነካበት ፋብሪካ ውስጥ በጥንቃቄ ካልሆነ አይገባም፡፡ ሃይድራዚን የሚባለው ኬሚካል ደግሞ ካንሰር ያመጣል ተብሎ የሚጠረጠር ስለሆነ ለምግብ ፋብሪካ ከነጭራሹ መታሰብ የለበትም፡፡

ቦይለሩን ከውስጥ የሚበላው ሌላው ጠላት አየር ነው፡፡ ብረት ውሃ ብቻውን ቶሎ አያዝገውም፤ ውሃው ውስጥ የሟሟው ኦክስጅን ነው የሚያዝገው፡፡ ይህ ዝገት ብረቱን በእኩል አይልጠውም፡፡ አንድ ነጥብ መርጦ ይቦረቡራል፤ ቱቦው በአጠቃላይ ደህና ሆኖ ሳለ የመርፌ ቀዳዳ ይወጣዋል፡፡ በአዲስ አበባ ከፍታ፣ 20 ዲግሪ ላይ ያለ ቀዝቃዛ ውሃ በሊትር ወደ 7 ሚሊግራም ኦክስጅን ይይዛል፡፡ ውሃው ሲሞቅ ኦክስጅኑ ይወጣል፡፡ እዚህ ላይ ከፍታው ራሱ ይረዳል፤ አዲስ አበባ ውስጥ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ የመጋቢው ታንከር 85 ዲግሪ ላይ ቢያዝ የሚቀረው ኦክስጅን ወደ 1 ሚሊግራም ይወርዳል፡፡ በነጻ የተገኘ ጥቅም ነው፡፡

ጥቅሙን ግን ብዙዎች አያገኙትም፡፡ ምክንያቱም የቦይለር ቤቱን ንድፍ የሚልኩት ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚያስቡት በባሕር ጠለል ነው፡፡ ታንከሩ ዝቅ ብሎ ይተከላል፤ ውሃው ወደ መፍላት ሲጠጋ ፓምፑ ውስጥ እንፋሎት ይፈጠርና ፓምፑ ጠጠር እንደሚፈጭ ወፍጮ ይጮኻል፡፡ ኦፕሬተሩ ምን ያድርግ? ጩኸቱን ለማስቆም ሙቀቱን ወደ 50 ዲግሪ ያወርደዋል፡፡ ፓምፑ ዝም ይላል፤ ሥራ አስኪያጁም ደስ ይለዋል፡፡ ከዚያች ቀን ጀምሮ ግን ቦይለሩ በሊትር 4 ሚሊግራም ያህል ኦክስጅን መጋት ይጀምራል፡፡ ኦክስጅኑን ለመግደል የሚጨመረው ሶዲየም ሰልፋይት ለአንድ እጅ ኦክስጅን ስምንት እጅ ስለሚያስፈልገው በቀን 20 ቶን ለሚጠጣው ቦይለር 160 ግራም ይበቃ የነበረው ወደ 640 ግራም ያድጋል፤ ለመጠባበቂያ የሚተርፈው ሳይቆጠር፡፡ ታንከሩን በሁለት ሦስት ሜትር ከፍ ማድረግ የአንድ ሳምንት የብየዳ ሥራ ነበር፡፡ ያ ሳይሆን ቀርቶ በየወሩ ኬሚካል ይገዛል፤ ኬሚካሉም የማይገዛ ከሆነ ቱቦ ይገዛል፡፡

ስለ ቱቦ ከተነሳ፣ ብር በሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ዋጋው በገበያ እንዲወሰን ከተለቀቀ ወዲህ ሒሳቡ ተለውጧል፡፡ ከዚያ በፊት በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አልፏል፡፡ ስፌት የሌለው የቦይለር ቱቦ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ነው፤ ሶፍትነር ሬዚንም እንዲሁ፡፡ የውሃው እንክብካቤ ግን አብዛኛው በአገር ውስጥ ጉልበትና በአገር ውስጥ ጨው የሚሠራ ነው፡፡ ቱቦ ከመቀየር ውሃ መጠበቅ ይረክሳል የሚለው ክርክር ድሮም እውነት ነበር፤ አሁን የበለጠ እውነት ሆኗል፡፡

ደግሞ የቆመ ቦይለር አለ፡፡ ጥሬ ዕቃ ሲጠፋ፣ ምንዛሪ ሲታጣ፣ ወይም ገበያ ሲቀዘቅዝ ፋብሪካው ለሦስት ወር ይዘጋል፡፡ ቦይለሩ ግማሽ ድረስ ውሃ፣ ግማሽ አየር እንደያዘ ይተዋል፡፡ ከሥራ ይልቅ ሥራ ፈትነት የሚጎዳው ማሽን ቢኖር ይህ ነው፡፡ በሦስት ወር ውስጥ በውሃው መስመር ዙሪያ የሚጀምረው ጉድጓድ በሁለት ዓመት ሥራ ላይመጣ ይችላል፡፡ አማራጩ ቀላል ነው፡፡ አጭር ጊዜ ከሆነ ቦይለሩን እስከ አናቱ ሞልቶ ሰልፋይቱንና አልካሊውን ከፍ አድርጎ መዝጋት፤ ረጅም ከሆነ ትንሽ ሙቀት እያለው አፍስሶ፣ አድርቆ፣ ውሃ ያልነካው የተቃጠለ ኖራ በትሪ አስገብቶ አየር እንዳይገባ ማሸግ፡፡ የኖራው ዋጋ ከአንድ የዘበኛ ደመወዝ አይበልጥም፡፡

ብሎዳውን የሚባለው ማፍሰስ ላይ ያለው ነገር አስቂኝም አሳዛኝም ነው፡፡ ግማሹ ፋብሪካ ነዳጅ እንዳይባክን ብሎ ጭራሽ አያፈስም፤ ጨዉ ተከማችቶ ውሃው አረፋ ያወጣና እርጥብ እንፋሎት ወደ ማሽኑ ይሄዳል፡፡ ሌላው ደግሞ በፍርሃት በየሰዓቱ ያፈሳል፡፡ ሁለቱም የሚሠሩት በግምት ነው፡፡ ሒሳቡ ግን የአንደኛ ደረጃ ነው፡፡ መጋቢው ውሃ 200 ቢሆን፣ የቦይለሩ ውሃ ከ3,000 እንዳያልፍ ቢፈለግ፣ 200 ለ2,800 ይካፈላል፤ ከሚመነጨው እንፋሎት 7 በመቶ ያህል መፍሰስ አለበት፡፡ የእንፋሎቱ ግማሽ ንጹህ ኮንደንሴት ሆኖ ቢመለስ መጋቢው 100 ይሆንና የሚፈሰው ወደ 3 ተኩል በመቶ ይወርዳል፡፡ ኮንደንሴቱ ሙቅም ስለሆነ ያንን የታንከር ሙቀት በነጻ ያመጣል፡፡ ሆኖም ኮንደንሴት ዝም ብሎ የሚታመን ነገር አይደለም፤ በማቅለሚያ ቤት ቀለም፣ በስኳር ፋብሪካ ስኳር ይዞ ሊመለስ ይችላል፡፡ ቦይለር ውስጥ የገባ ስኳር ወደ አሲድነት ይለወጣል፤ አረፋም ያስነሳል፡፡

እስካሁን የተነሳው ሁሉ የብር ጉዳይ ነው፡፡ ከብር በላይ የሆነውም አለ፡፡ በቦይለር ጎን የተተከለችው የመስታወት ቱቦ የውሃውን መጠን የምታሳይ ብቸኛ ዓይን ናት፡፡ ዝቃጭ የበዛበት ውሃ የዚያችን ዓይን መግቢያ ቀዳዳ ይደፍናል፤ ውሃ ሲያንስ እሳቱን የሚያጠፋው ተንሳፋፊም ዝቃጭ ውስጥ ተቀብሮ ይቀራል፡፡ ያኔ መስታወቷ ላይ ውሃ ይታያል፣ ቦይለሩ ውስጥ ግን የለም፡፡ ኦፕሬተሩ ያየውን አምኖ ይቀመጣል፡፡ ከዚያ ብረቱ ይግላል፤ ደንግጦ ቀዝቃዛ ውሃ ካስገባ ደግሞ የባሰ ይመጣል፡፡ በ8 ባር ላይ ያለ ውሃ ድንገት ቢለቀቅ ከአሥር እጅ አንዱ በላይ በቅጽበት እንፋሎት ይሆናል፤ አንድ ሊትር ውሃ ወደ እንፋሎት ሲለወጥ ደግሞ ከ1,600 ሊትር በላይ ቦታ ይፈልጋል፡፡ የቦይለር ቤት ግድግዳ ያንን አይችለውም፡፡ ከግድግዳው ውስጥ ያለው ሰው ደግሞ ባለቤቱ አይደለም፤ ሌሊት ተረኛው ነው፡፡

ሌሎች አገሮች ይህን የተማሩት በሬሳ ነው፡፡ እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 27 ቀን 1865 ሱልታና የተባለችው የአሜሪካ መርከብ በሚሲሲፒ ወንዝ ላይ ቦይለሮቿ ፈንድተው ከ1,100 በላይ ሰው አልቋል፤ የሚያፈሰው ቦይለር በችኮላ ተለጥፎለት ነበር ጉዞው የቀጠለው፡፡ በብሮክተን ከተማ የጫማ ፋብሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. መጋቢት 20 ቀን 1905 በፈነዳው ቦይለር 58 ሰው ሞቷል፤ የአሜሪካ መካኒካል መሐንዲሶች ማኅበር የቦይለር ደንብ ያወጣው ከዚያ ወዲያ ነው፡፡ የሚገርመው ግን የመጀመሪያዎቹ ተቆጣጣሪዎች መንግሥታት አለመሆናቸው ነው፡፡ በማንቸስተር እ.ኤ.አ. በ1854 የተቋቋመው ማኅበር የባለፋብሪካዎቹ ነበር፡፡ በጀርመኗ ማንሃይም የቢራ ፋብሪካ ቦይለር ከፈነዳ በኋላ በ1866 ማኅበር ያቋቋሙትም ባለቦይለሮቹ ራሳቸው ናቸው፡፡ በዚያው ዓመት አሜሪካ ሃርትፎርድ ውስጥ የተመሠረተው ኩባንያ ደግሞ ኢንሹራንስ ሻጭ ነበር፤ ገንዘቡን ላለመክፈል ሲል ቦይለሩን አስቀድሞ ይመረምራል፡፡ ነጋዴ በገዛ ኪሱ ሲመጡበት የመንግሥትን ያህል ይጠነቀቃል፡፡

እኛ ጋ ሕጉ የለም ማለት አይቻልም፡፡ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሠራተኛውን ደህንነትና ጤና የመጠበቅ ግዴታ በአሠሪው ላይ ጥሏል፡፡ የቦይለር መድን የሚሸጡ ኢንሹራንሶችም አሉ፡፡ ጥያቄው ፖሊሲውን ከመሸጣቸው በፊት የውሃ መዝገብ አሳዩን ይላሉ ወይ ነው፡፡ ሴፍቲ ቫልቩን አይቶ፣ የግፊት መለኪያውን አይቶ መፈረም ቀላል ነው፡፡ ውስጡን ከፍቶ በባትሪ ማየት ግን ጊዜ ይወስዳል፤ ለምርመራ የቆመ ቦይለርም ምርት አይሰጥም፡፡

ኬሚካል ሻጮችን በተመለከተ ገበያው ሁለት ዓይነት ነው፡፡ ናሙና ወስዶ፣ ለክቶ፣ በወር በወሩ ተመልሶ እየመጣ የሚያስተካክል አለ፡፡ ሰማያዊ ጀሪካን አምጥቶ «በቀን ሁለት ሊትር» ብሎ የሚሄድም አለ፡፡ ሁለተኛው ይረክሳል፤ ስለዚህ ጨረታውን እርሱ ያሸንፋል፡፡ ጨረታው የሚወዳደረው በኪሎ ዋጋ ሆኖ ሳለ ሌላ ውጤት መጠበቅ የዋህነት ነው፡፡ ጀሪካኑ ውስጥ ምን ያህል መድኃኒት፣ ምን ያህል ውሃ እንዳለ ገዢው አያውቅም፡፡ መወዳደር የነበረበት አንድ ቶን እንፋሎት በሚያስወጣው የኬሚካል ወጪ፣ ከዚያም በዓመቱ መጨረሻ ቦይለሩ ተከፍቶ በሚታየው ነው፡፡

ቅርፊት እናወልቃለን የሚሉትም እንዲሁ ናቸው፡፡ አሲዱ ብረቱን እንዳይበላ የሚከላከል ነገር ካልተጨመረበት ቅርፊቱን ጨርሶ ወደ ቱቦው ይዞራል፡፡ አንዳንድ አሮጌ ቦይለር ደግሞ ቅርፊቱ ራሱ ጋስኬት ሆኖለት የሚኖር ነው፤ ሲታጠብ ከየቦታው ያፈሳል፡፡ ያን ጊዜ አጣቢው ይወቀሳል፤ ጥፋቱ ግን የአሥር ዓመት ነው፡፡ ያገለገለ ቦይለር የሚገዛ ሰውም በዚህ ይጠንቀቅ፡፡ ከላይ አዲስ ቀለም፣ አዲስ በርነር ይደረግለታል፤ የእጅ መግቢያውን አስከፍቶ ቱቦው ላይ ያለውን ሳያይ ቀብድ የሚሰጥ ሰው የገዛው ቀለሙን ነው፡፡

በግድቡ ምክንያት ኤሌክትሪክ ስለሚበቃ ወደ ኤሌክትሪክ ቦይለር እንዙር የሚሉ ወገኖች ድምፅ፣ የሕዳሴው ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ ከፍ ብሏል፡፡ ለነዳጅ ወጪ የሚረዳ ሐሳብ ሊሆን ይችላል፡፡ ለውሃው ግን መልስ አይደለም፤ ቅርፊት የለበሰ ሬዚስታንስ ከቱቦ ቀድሞ ይቃጠላል፡፡

አነስተኛ ላውንደሪ ወይም የሳሙና ሠሪ የሆነ ሰው ይህን ሁሉ ሲሰማ ላቦራቶሪ ልክፈት እንዴ ቢል አይፈረድበትም፡፡ ላቦራቶሪ አያስፈልገውም፡፡ የውሃ ጥንካሬ፣ ፒኤች፣ የሟሟ ጨው መጠንና የሰልፋይት ትርፍ የሚለካ ትንሽ ሳጥን አለ፤ አንድ ሰው በሩብ ሰዓት ይጨርሰዋል፡፡ ዋጋው ከአንድ ቱቦ መቀየሪያ የጉልበት ክፍያ ጋር እንኳ የሚወዳደር አይደለም፡፡ ከባዱ ነገር ሳጥኑ ሳይሆን ሰውዬው ነው፡፡ በብዙ ፋብሪካ የቦይለር ኦፕሬተር ማለት ሌላ ሥራ ያልተገኘለት፣ በዕድሜ የገፋ ወይም ከጽዳት የተዛወረ ሠራተኛ ነው፡፡ ደመወዙ ከሹፌሩ ያነሰ ነው፡፡ በእጁ ያለው ንብረት ግን ከሹፌሩ መኪና በብዙ እጥፍ ይበልጣል፡፡ ተምሮ፣ ለክቶ፣ መዝግቦ፣ ቁጥሩ ሲበላሽ «ዛሬ ይቁም» ብሎ ለመናገር የሚደፍር ሰው በዚያ ደመወዝ አይገኝም፤ ቢገኝም አይቆይም፤ ሌላ ፋብሪካ ይወስደዋል፡፡

ባለቤቱ በወር አንድ ጊዜ፣ የሽያጩን ሪፖርት በሚያይበት ቀን፣ የቦይለር ቤቱን መዝገብም አስመጥቶ ቢያገላብጥ ብዙ ነገር ይለወጣል፡፡ የሚያየው ቁጥር ባይገባው እንኳ ተመሳሳይ ቁጥር በአንድ እስክሪብቶ ለሠላሳ ቀን የተጻፈ እንደሆነ ይገባዋል፡፡ ለማስፋፊያ ብድር የሚጠየቁ ባንኮችም ከመሬቱ ካርታና ከኦዲት ሪፖርቱ ጋር ይህንኑ መዝገብ ቢጠይቁ በመያዣ የያዙት ንብረት ስንት ዓመት እንደቀረው ከገማቹ ይልቅ እርሱ ይነግራቸዋል፡፡